የእኔ ሰዓት ማሸነፉን ላበሠሩኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የሰዓት ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎት እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይ ወንድሞችዎ፣ በሙሉ ጤና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ በገጻችሁ ላይ የብረት ማሰሪያ ላለው የስፖርት ሰዓት ጠበቃ ሆኜ ስከራከር የነበርኩት ልጅ ነኝ። ለባለ ጥቁር ጎማ ማሰሪያው የሚከራከረው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ቤት ቀለም ቀቢ ነበር፤ በዚህ ዓመት ሥራ ላይ እያለ ከመወጣጫ ወድቆ ሞተ።

የእኔ ሰዓት በባለ ሰዓቶች አስተያየት አሸናፊ መሆኑን ገልጻችሁ ስለላካችሁልኝ የደስታ መግለጫ እጅግ አመሰግናለሁ። ከቤታችን ደስታ ከጠፋ ሰንብቷልና በጊዜው ደርሶልናል። ሆኖም ድሉን በሙሉ ልብ እንዳልቀበል አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች አስቸግረውኛል።

አንደኛ፣ ለባለ ሰዓቶች ሁሉ «ሰዓቱን አሁንም ያስሩታል?» የሚል መልእክት እየላካችሁ፣ መልስ ያልሰጠውን ሰው አስተያየት እንደምታጠፉ ተረድቻለሁ። ወንድሜ መልስ ስላልሰጣችሁ በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ባለጌ አልነበረም፤ ስለዚያ ሰዓት ከተጠየቀማ ዝም ማለት አይሆንለትም ነበር።

ሁለተኛ፣ ያጠፋችሁት የእሱን ብቻ ስለሆነ የእኔ መልሶች እንዳሉ ቀርተዋል። እሱ «የታናሼ ሰዓት ቆንጆ ናት፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ኪስ ውስጥ ትደበቃለች» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔም «ያንተ ሰዓት ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ይነሣል፣ ካንተ በቀር» ብዬ መለስኩለት። ይህን ሁሉ የምንጻጻፈው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በየአልጋችን ላይ ተቀምጠን ነበር። እናታችን ሳቃችንን ስትሰማ፣ «ሁለታችሁም ሰዓት አላችሁ፣ በሰዓቱ ቤት የሚገባ ግን አላገኘሁም» ትለን ነበር። አሁን ገጹን የሚከፍት ሰው የሚያየው አንድ ልጅ ብቻውን ከባዶ ቦታ ጋር ሲሰዳደብ ነው። እርግጥ አልተሳሳታችሁም፤ ክፍላችንም እንደዚያው ሆኗል።

ሦስተኛ፣ አቤት ስል ረዳትዎ፣ የወንድሜ ሰዓት አሁን የእኔ ከሆነ የራሴን አስተያየት እንድጽፍ በደግነት መከሩኝ። ሞከርኩ። ማሰሪያው ላይ ነጭ የቀለም ጠብታ አለ። እሱ ይቆልፍበት የነበረው ቀዳዳ ለእኔ ስለሚሰፋ ሰዓቱ ወደ ክርኔ ይንሸራተታል፤ ወደ ጠባቡ ቀዳዳ ላዛውረው ስል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። ይህ በአስተያየት መስጫችሁ ላይ ከጥንካሬ ይመደብ ወይስ ከምቾት፣ እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የወንድሜን ቃል ወደ ቦታው መልሱልኝና እኔ ልሸነፍ። ደንባችሁ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ የእኔንም አጥፉልኝ።

ለደንብ መከበር ያለዎትን ትጋት በመገረም የምመለከት፣ ያለ ተከራካሪ ያሸነፍኩ ታዛዥዎ፣
የቀለም ቀቢው ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካ ለወንድሜ የላካችሁት ጥያቄ በስልኩ ደርሶናል። መልሱን በትዕግሥት እንድትጠብቁ በአክብሮት አሳስባለሁ፤ እኔም እየጠበቅሁት ነው።