የሚመጣ፣ ግን የማይደርስ

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፱ ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለአንዲቷ ልጄ፣ ለዓይኔ ብሌን፤

በመካከላችን የተዘረጋው አገርና የስድስት ዓመት ዝምታ ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ በጤናና በደስታ እንዲያገኝሽ እየተመኘሁ፣ «አባዬ፣ ብመጣ በሩን ትከፍትልኛለህ?» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስተኛ ሳምንቱን መያዙን፣ መልሴም የዘገየው ከቸልታ ሳይሆን ከእፍረት መሆኑን አስቀድሜ እገልጽልሻለሁ።

ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሰላም ትልሻለች፤ ድመቷም ወንበርሽን ወርሳ እንግዳ ሲቀመጥባት ትቆጣለች።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በቢራ ፋብሪካው ከነጭ መብራት ፊት ተቀምጬ፣ በሚሽከረከረው የኮንቬየር ቀበቶ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ከሚነጉዱት ባዶ ጠርሙሶች መካከል ስንጥቅ ያለበትን ከደህናው እለያለሁ። ታዲያ ማሽኑ ለምሳ ቀጥ ሲል፣ የቆሙት ጠርሙሶች በዓይኔ ፊት ቀስ ብለው ወደ መጡበት መንሸራተት ይጀምራሉ፤ የሚገርመውም፣ ሲመለሱ እያየኋቸው ካሉበት ንቅንቅ አለማለታቸው ነው። ይህንን እንደ ነውር ስደብቀው ኖሬ፣ ባለፈው ወር ክዳን ለሚገጥመው ባልደረባዬ፣ «ቆርኪ» ለምንለው፣ ባጫውተው፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ባዶው ጠርሙስ እንዲህ ካሰከረህ፣ ሙሉው ቢሆን ምን ልትሆን ነው!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አናጋው።

ሳቁን ስቄ፣ በማግስቱ ፈርቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በአንቺ ዕድሜ የምትሆን የዓይን ሐኪም አገላብጣ አየችኝና፣

«አባባ፣ ምንም አልሆኑም። አእምሮ ውስጥ ወደ ቀኝ የሚሄደውን የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ፤ ወደ ግራ የሚሄደውንም የሚጠብቁ አሉ፤ ሁልጊዜ እንደ ገመድ ጉተታ ይሳሳባሉ። አንዱ ወገን ብዙ ሠርቶ ሲደክም ያረፈው ያሸንፋል፤ ያኔ የቆመው ነገር የሚመለስ ይመስላል» አለችኝ።

«እንግዲያው እዚያም ፈረቃ አለ በይኛ!» ብላት ከልቧ ሳቀች።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን፣ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ቀን ትዝ አለኝ፤ እሱንም ሳልነግርሽ ለጥያቄሽ መልስ መስጠት አልችልም።

«ይህንን ደፍ ከተሻገርሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ» ያልኩሽ ዕለት፣ እቤት የቀረሁ መስሎሽ ነው የሄድሽው። አልቀረሁም። ባርኔጣዬን እንኳ ሳላደርግ ተከትዬሽ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ከዕቃ ማከማቻው ጀርባ ቆሜ ነበር። በመስኮት እንዳታዪኝ ፈርቼ ዓይኔን ወደ መስኮቶቹ አላነሣሁም፤ መንኰራኵሮቹን ብቻ፣ አንዱን ፉርጎ ከሌላው ሳልለይ፣ እስከ መጨረሻው አየሁ። የመጨረሻው ፉርጎ እንዳለፈ፣ ሐዲዱም ጠጠሩም ወደ እኔ መመለስ ጀመረ። ከጠርሙሶቹ የማውቀው ማታለያ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን አመንኩት። እጆቼን ዘርግቼ ወደ ፊት ስራመድ፣ የጣቢያው ጠራጊ ሴትዮ መጥረጊያዋን ጣል አድርጋ ኮቴን ያዘችኝ።

«ኧረ አባት፣ ወዴት ነው? ባቡሩ እኮ ሄዷል!»

«እየመጣ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

ወደ ሐዲዱ ጠቆምኳት። ይመጣል፣ ይመጣል፤ ግን አይደርስም። ጥቂት ቆይቶ ጠጠሩም ጠጠር ሆኖ ቀረ።

እነሆ ስድስት ዓመት እንዲሁ፣ በየምሳ ሰዓቱ፣ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ትመጫለሽ።

ልጄ፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ አሁን ሲከፈት ድምፅ የለውም። የምትመጪበትን ቀንና ሰዓት ብቻ ጻፊልኝ። ከማከማቻው ጀርባ አልቆምም፤ መንኰራኵር መንኰራኵሩንም አላይም፤ ቀና ብዬ መስኮት መስኮቱን እያየሁ እጠብቅሻለሁ።

ያወጣሽ መንገድ መልሶ ያግባሽ፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልኝ።

የዚያን ዕለት ጣቢያ የነበረው
አባትሽ