ሬሳው ይተነፍሳል

ላሊበላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለየአብስራ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዘንድሮ ግን ይህች ጥያቄ ቤታችን ውስጥ ከብዳለች። ስለዚህ በድራማችሁ ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል።

የምሠራበት ሆቴል እንግዳ የለውም። በቱሪዝም ተመርቄ የማስጎበኘው ሰው ሳጣ የእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ጠባቂ ሆኛለሁ በለው። ግን አልተቀመጥኩም፤ መስከረም ላይ እንግዳ ይገባል ስለሚሉ ፈረንሳይኛ በስልኬ ጀምሬያለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ድራማችሁ አያመልጠኝም።

ስለ መርማሪው ምንም አልጽፍልህም። እሱን የሚያደንቅ ሞልቷል። መነጽሩን ባወለቀ ቁጥር ነገሩ የተገለጠለት እንዲመስለን ይፈልጋል። የእኔ ዓይን ከእሱ ጀርባ ያሉት ላይ ነው። ያ የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ የሚሠራው ሽማግሌ «አላየሁም ጌታዬ» ሲል ቆቡን ያስተካክላል። ልብ ብዬ ተከታተልኩት፤ ቆቡን የሚነካው ሲዋሽ ብቻ ነው። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘው ያለ አይመስለኝም፣ ከራሱ ያመጣው ነው። ጣቢያው ውስጥ ሻይ የምታዞረው ልጅም አንድ ቃል እንኳ አልተሰጣትም፤ ነገር ግን የተጠርጣሪው እጅ መታሰሩን አይታ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ ታደርግለታለች። እሱም ጎንበስ ብሎ በአፉ ይደርስበታል። እዚያች ላይ ተነስቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከሁሉ የማስበልጠው ግን የሟቹን እናት ሆነው የሚሠሩትን ወይዘሮ የሺሃረግን ነው። ወደ አስከሬን ክፍል ሲገቡ አይጮኹም። እቃ ረስቶ እንደተመለሰ ሰው ዙሪያውን ያያሉ። ከዚያ አንሶላውን ይገልጡላቸዋል፤ አንሶላው ሥር ያለኸው አንተ ነህ።

ወንድም ዓለም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሬሳነት አልሆነልህም። ደረትህ ከፍ ዝቅ ይላል። በማግስቱ ፌስቡክ ላይ «ሬሳው ይተነፍሳል» እያሉ ሲሳለቁብህ ዋሉ። እነሱ ያላዩትን እኔ አይቻለሁ። ወይዘሮ የሺሃረግ መተንፈስህን አወቁብህና ለቅሷቸውን ሳያቋርጡ፣ ላይህ ላይ ጎንበስ ብለው ነጠላቸውን ደረትህ ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሚታየው ፊትህ ብቻ ነው። እኔ የማደንቀው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ፣ ጽሑፉ ሮጦ ሲያልፍ የሚወጣውን።

ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ልጅሽን በቴሌቪዥን አየሁት ብላት ምን ሆኖ ማለቷ አይቀርም።

ይኸው ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ። አጎታችን ባዘዘው እዚያ ገነተ ማርያም ሆኖ፣ ያችን ትዕይንት ብቻ ቆርጠው የለጠፏትን በጎረቤቱ ስልክ ያያል። ድምፅ አልነበራትም። በቤቱ ቴሌቪዥን የለው፤ አንተንም አዲስ አበባ ሥራ እንደያዝክ እንጂ ምን ሥራ እንደሆነ አያውቅ። ያየው ፖሊስ፣ አንሶላ፣ የምታለቅስ ሴትና የእህቱን ልጅ ፊት ነው። እንደ ወጉ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ሁለት ሽማግሌ ይዞ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በራችንን አንኳኳ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ደጅ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ ማን ይጠፋዋል? እማዬ በሩን ከፍታ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸውና፣

«ማንን?» አለች።

አባዬ ራሱን ይዞ ደጅ ወደቀ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። እኔ የት ሞተ፣ ማን አየው እያልኩ ስጮህ አጎቴ የተዋሰውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። አየሁት። ሳቄ አመለጠኝ። አባዬ ሊመታኝ ተነሳ፣ ሴቶቹም አበደች ብለው ያዙኝ። ድራማ ነው፣ ሥራው ነው ብዬ እስካስረዳ ድረስ ምን እንደደረሰብኝ አትጠይቀኝ። መጀመሪያ የገባት ጎረቤታችን እትዬ እታገኘሁ ናት።

«ሬሳ ሆኖ ደሞዝ አለው? እንግዲያው የኔንም ሰውዬ ይውሰዱልኝ፤ ሳይከፈለው ነው ተጋድሞ የሚውል» አለች።

እንባው ሳይደርቅ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ አፍሮ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበው። ያኔ እማዬ፣ «በሉ እንግዲያው ደውሉለትና ድምፁን ልስማ» አለች።

ደወልኩ። ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። ከፋሲካ ወዲህ ዝግ መሆኑን እኔ አውቅ ነበር፤ ለእነሱ ኔትወርክ ነው እያልኩ ነበር። ሳቁ ባለበት ቀረ። የመጣው ሰው መሄዱም መቀመጡም ቸግሮት አንዱ የአንዱን ፊት ሲያይ ረፈደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት አይደለም፤ ለቅሶ የሌለበት ቤትም አይደለም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ስምህን ሲያነሳ «ነፍሱን» ብሎ ይጀምርና ይውጠዋል። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ደጃችን ሲደርስ እማዬ ብድግ ትላለች፤ ሰው የመጣ ይመስላታል። አልጋህን ታነጥፋለች፤ ደግሞ መልሳ ትጠቀልለዋለች።

አንድ ቀን አሳይኝ አለችኝ። እንቢ ብላትም አልተወችኝም። ስልኬን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች።

«ከስቷል» አለች።

«ሜካፕ ነው እማዬ። ሬሳ እንዲመስል ቀብተውት ነው።»

«አንገቱም ሜካፕ ነው?»

በፋሲካ ስትደውል እንዴት እንደምታስል፣ ብርድ ነው ብለህ ወሬ እንደቀየርክ ለእሷ አልነገርኳትም። እንደገና ክፈችው አለችኝ። ነጠላው ደረትህ ላይ ከመውደቁ በፊት ያለችው ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣

«ይተነፍሳል» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ይተነፍሳል።»

«ዛሬም?»

የተቀረጸው በፋሲካ ሰሞን መሆኑን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። እሷም መልሴን አልጠበቀችም። ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አባዬ ፍልሰታ ሳይገባ ፍትሐት ይደረግለት ብሏል። «ልጄ ሄዶ ከሆነ ያለ ጸሎት እስከ መቼ ይንከራተታል?» ይላል፤ ክፋት የለበትም፣ መጠበቁ ነው የገደለው። መምሬ ገብረ ሚካኤል ደግሞ እናቱ መሞቱን አምና ካልመጣች አልጀምርም አሉ። እማዬ ጥቁር አልለብስም ብላለች። ሁለቱ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ፣ አይነጋገሩም። ጨው አቀብይ የሚባለው እንኳ በእኔ በኩል ነው። ፍልሰታ እስኪገባ ድምፅህ ካልተሰማ ግን አባዬ ወደ ኩልመስክ ሄዶ በሌላ ቄስ አስደርጋለሁ ብሎ ምሏል። እማዬም ያን ቀን ከዚህ ቤት እወጣለሁ ብላለች። አባባሏን ብትሰማ የምታደርገው እንደሆነ ታውቅ ነበር።

እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ድራማውን ወደሚሠሩት ቢሮ ደወልኩ። አንድ ትሑት ልጅ አነሳው። ከዚያች የቀረጻ ቀን በኋላ ለሌላ ክፍል ፈልገውህ እንዳላገኙህ ነገረኝ። ወይዘሮ የሺሃረግም በመጡ ቁጥር «ያ የላስታ ልጄ የት ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁሃል አለኝ። ያ የላስታ ልጄ ማለታቸውን ለእማዬ ነገርኳት። «ሰው አለው ማለት ነው» አለች። ልመጣ ሻንጣ አዘጋጅቼም ነበር፤ እማዬ ሁለት መንገደኛ በአንድ ጊዜ አልጠብቅም ስላለችኝ ቀረሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ ወልድያ በሚሄድ ሚኒባስ ሹፌር እጅ አስጀምሬ በወይዘሮ የሺሃረግ ስም ወደዚያው ቢሮ እልከዋለሁ፤ አንተ ብቅ ካልክ ይሰጡሃል።

የአብስራ፣ ታመህ ከሆነ ታምሜያለሁ በል። ሥራው አልሆን ብሎህ አፍረህ ከሆነም ማንም አይስቅብህም፤ እትዬ እታገኘሁ ብቻ ናት፣ እሷም ወድዳህ ነው። መስከረም እንግዳ ሲገባ ሁለት ሆነን እናስጎበኛለን፤ አንተ ታወራለህ፣ እኔ ፈረንሳይኛውን እሞክራለሁ። ይህን የከፈትከው አንተ ከሆንክ እዚህ ላይ አቁምና ደውል። የቀረው ላንተ አይደለም።

ወይዘሮ የሺሃረግ፣

ወንድሜ መጥቶ ካልወሰደው እርስዎ እንዲከፍቱት ነው የላክሁት። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። የሚያውቁት ነገር ካለ፣ የሚከብድም ቢሆን፣ ለእኔ አይደውሉ፤ እናቴ ፊቴን ታነባለች። የመምሬ ገብረ ሚካኤልን ቁጥር በወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ለሳቸው ይንገሩልኝ፣ እሳቸው ወጉን ያውቁታል። ምንም የማያውቁ ከሆነም አላውቅም ብለው ይላኩልን፤ እሱም ለእኛ ብዙ ነው።

እናቴ አሰለች ለእርስዎ የላከችውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ፦ «ለልጄ እስከ ዛሬ ያለቀሱለት እርስዎ ብቻ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ። ዳግመኛ እንዲያለቅሱ ቢያዝዎት ግን እንቢ ይበሉልኝ፤ እኔ ገና አልጀመርኩም።»

የላስታ ቅዱሳን ሁለታችሁንም ይጠብቁልን።

እኅትህ፣
ንጋት ጋሻዬ