ለጆሃንስበርግ የሚሆነው ካርድ

ቤቴልዬ፣

ሳትነሺ ወጣሁ፤ ፊትሽን እያየሁ መናገር አቃተኝ።

ጆሃንስበርግ ገንዘብ የምታወጪበት ሰማያዊው ካርዴ ነው። ቀዩን እንዳትይዢ፤ እዚያ አገር አይሠራም። ሰማያዊው ገና ሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ባንኩ ጋ ደውዬ አረጋግጫለሁ። የሚስጥር ቁጥሩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ።

ወንድምሽ እዝራ ለሕክምና እዚያ ሲሄድ የሰጠሁት ካርድ ቀኑ ያለፈበት ነበር።
ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ቀኑን ሳላይ ነው የሰጠሁት።

«ማኅደር፣ ማሽኑ ካርዱን ዋጠው፤ ሆስፒታሉም ሳትከፍል አንቀበልህም አለኝ» ብሎ ደወለልኝ። ገንዘብ የምልክበት መንገድ ስፈልግ በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የማላነሳው።

መቃብሩን አይተሽ ስትመለሺ ደውዪልኝ።
ብትሰድቢኝም አነሳለሁ።

ማኅደር