ሦስት እሳት በአንድ ወር

ቫልፓራይሶ፣ ሐምሌ 14 ቀን

ለምወድሽና አዛዤ ለሆንሽው ልጄ ለሂሜና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «በታኅሣሥ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ቤቱም ይሸጣል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ቀልድ ይሆን ብዬ። ጎረቤታችን ሜላኒያ ደውላ «አባትሽ ቤቱን ሊያነደው ነው» እንዳለችሽ ገብቶኛል። የዚያች ሴት ምላስ በየትኛውም ማጥፊያ አይጠፋም። እውነቱን ከባለሙያው ስሚ፤ አርባ አንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኞች ቡድን ያለ ደሞዝ፣ እንዲያውም መዋጮ እየከፈልኩ እሳት ያጠፋሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው እሳት የዘይት ነበር። ሶፓይፒያ ቂጣ ልጠብስበት የጣድኩት ዘይት ነደደ። ጋዙን ዘጋሁ፣ መጥበሻውን ከደንኩት፣ አለቀ። ችግሩ የመጣው ከእሳት አጥፊዎቹ ነው! ሜላኒያ ጠርታቸው ኖሮ፣ የእኛ ቡድንና የታችኛው ሰፈር ቡድን የመጀመሪያዋን ውሃ ለመርጨት እየተሽቀዳደሙ ዳገቱን ወጡ። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ቤቱ ተረፈም አልተረፈ ዋናው መቅደም ነው። በሩ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«በጋለ ዘይት ላይ ውሃ? ጣሪያውን ልታነዱት ነው? ማነው ያስተማራችሁ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ዶን ኤቫሪስቶ» አለች የቡድናችን ካፒቴን ያስና፣ ቱቦውን ሳትለቅ። «መጀመሪያ ርጩ፣ ከዚያ ጠይቁ ይሉን ነበር።»

«እሱ ለእንጨት ነው፣ አንቺ ልጅ!»

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ነው። ማሞቂያው ላይ ያሰጣሁት ካልሲ ተያያዘ። እዚህ ላይ ውሃ የሚደፋ ሰው ኑዛዜውን አስቀድሞ ይጻፍ። እኔ ቆጣሪውን አጠፋሁ፣ ከዚያ በዱቄት ማጥፊያው ነፋሁበት። ካልሲው ሞተ፣ እኔ ተረፍኩ።

ሦስተኛው የጋዜጣ ክምር ነው። ወረቀት ውሃ ይወዳል፤ በባልዲ ደፋሁ፣ ፍሙን በታተንኩ፣ ደገምኩ።

እንግዲህ ፍረጂ፤ ሦስት ዓይነት እሳት፣ ሦስት ዓይነት መላ፣ አንድም ስህተት የለም! እንዲህ ያለ ሰው ነው አንቶፋጋስታ ሄዶ ሳሎንሽ ውስጥ እንደ አበባ ማስቀመጫ የሚቀመጠው?

ያስና አሁን በየቀኑ ምክሬን ልትጠይቅ ትመጣለች። ስትሄድ የጋዙን ሲሊንደር መክፈቻ ነቅላ ትወስዳለች፤ ስትመጣ ትመልሰዋለች። «ለምኑ ነው?» ስላት «ለሥልጠና» ትላለች። ሥራ ወዳድ ልጅ ናት።

ትናንት ቅጽ ይዛ መጣች፤ ለእያንዳንዱ እሳት አንድ ቅጽ ይሞላል። «አጠፋፍ» የሚለውን በሦስቱም ላይ በቆንጆ ጽሕፈት ሞላሁ። «መነሻ» የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመ። ዘይቱን ጥጄ የት ሄጄ ነበር? ጋዜጣውንስ ማን ለኮሰው? ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም።

«ባዶውን እንተወው፣ ዶን ኤቫሪስቶ?»

«እንተወው» አልኳት።

ልጄ፣ ታኅሣሥ ሩቅ ነው። ቀደም ብለሽ ብትመጪ አልቆጣም።

እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ፤ ደጅሽን ሰላም፣ ጓዳሽን ሙሉ ታድርግልሽ።

አባትሽ ኤቫሪስቶ፣
የክብር ካፒቴን