የበክሪ ዋስ

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ ለበክሪ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? ባለፈው ዕቃ ሳወርድ ወገቤን ቀጨኝ ብለህ ነበር፤ አሁንስ ለቀቀህ ወይ? የጅዳው ሙቀት በረድ አለ? ምግብ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ነው የምትጎርሰው? አብረውህ የሚኖሩት የሀገር ልጆችስ ሰላም ናቸው? እኛ አልሀምዱሊላህ ከናፍቆትህ በቀር ምንም አላጣንም። ናፍቆቱ ግን እያደር ይብሳል እንጂ አይለመድም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትለኝ አውቃለሁ። በስልክ አንተ ደህና ነኝ ትላለህ፣ እኛ ደህና ነን እንላለን፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። እኔ እህትህ የምነግርህ ነገር ደግሞ በቁርጥራጭ የሚነገር አይደለም። እዚያው ጅዳ የምትሠራው ሀኒፋ ለእረፍት መጥታ ስለነበር ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። ወሬው ስለ እግር ኳስ ጤና ቡድናችን ነው፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳታጥፈው።

ሊጉ በጥቅምት ይጀመራል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሜዳው ተስተካክሏል፣ በዳገቱ በኩል ስንቱን ያሰናከለው ድንጋይም ተነስቷል። የዋሶች ቀን ግን እንደነበረ ነው። ዛሬም ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑ ይሰበሰብና ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ተነስቶ ዘንድሮ ምን እንደሚሠራ ይገምትለታል። ያ ሰው ዋሱ ነው። ግምቱ ካልያዘ ዋሱ በሚቀጥለው ዓመት የተጫዋቹን ማሊያ ሲያጥብ ይከርማል። አንድ ሰው ለአንድ ተጫዋች ብቻ ነው ዋስ የሚሆነው፤ ዋስ ያጣም ከቡድኑ ይወጣል። ይህን ለአንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፤ ግን ሀኒፋ መንገድ ላይ ከፍታ ማንበቧ አይቀርምና እሷም ይግባት ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጨምሯል። አሁን ግምቱ የሚሰጠው በጠዋት፣ ማንም ጫት ሳይነካ ነው። ካቻምና ስብሰባው በበርጫ ላይ ሆነና ምርቃናው ሲመጣ ተጫዋቹ ሁሉ ኮከብ ሆነ። ደላላው መስዑድ ያንን ሆዱን ይዞ ሃያ ጎል ያገባል ተባለ፤ አብዱረዛቅም ምሎ ተገዝቶ ዋሱ ሆነ። መስዑድ ዓመቱን ሙሉ ያገባው አንድ ጎል ነው፤ እሱንም በገዛ መረባችን። አብዱረዛቅ የመስዑድን ማሊያ ሲያጥብ ከርሞ፣ ይህ ማሊያ ነው ድንኳን እያለ ሲያማርር ሰፈሩ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበራችን ኦቦ ዓሊዩ፣ ራሳቸው የጫት ነጋዴ ሆነው፣ የምርቃና ግምት አይያዝም ብለው ከለከሉ።

የኦቦ ዓሊዩ ዓይን ዛሬም አልደከመም። አንድ ሰው ኳስ ሳይነካ፣ ጫማውን ሲያስር አይተው ይፈርዱታል፤ ፍርዳቸውም አይስትም። ስልሳን ካለፉ በኋላ እንኳ በየዓመቱ ተመዝግበው ይጫወታሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አስራ ስምንት ቁጥራቸውን ለብሰው ሲገቡ ሜዳው በጭብጨባ ይናወጣል፤ ተጋጣሚዎቹ ራሳቸው መንገድ ይለቁላቸዋል።

አሁን ስለ ፊሊጶስ ልንገርህ። አንተ አታውቀውም፤ ቤተሰቦቹ አንተ ከሄድክ በኋላ ከሆሳዕና መጥተው መናኸሪያው አጠገብ የሸቀጥ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ቀን ሱቅ ይቆማል፣ ማለዳ ልምምድ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል። በረኛ ነው። ባለፈው ለወዳጅነት ጨዋታ ቦርደዴ ወርደን ነበር፤ እኔም ከደጋፊዎቹ ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ሄጄ ነበር። የቦርደዴን ፀሐይ ታውቀዋለህ። የጭሮን ነፋስ የለመዱት የእኛ ሰዎች ገና እረፍት ሳይደርስ ምላሳቸው ወጣ፤ ተከላካይ የሚባል ጠፋ፣ ፊሊጶስ ብቻውን ቀረ። አንዱን በጣቱ ጫፍ መለሰ፣ አንዱን በደረቱ፣ አንዱን በፊቱ። በመጨረሻም ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ እሱንም ያዘው። የጮኸ ወይም የተንጎራደደ እንዳይመስልህ፤ ኳሷን ለተከላካዩ ለዋለልኝ አቀበለና ሹራቡን አስተካከለ። ሹራብ ያልኩህ ከሱቃቸው ያመጣው ቁጥር የሌለው ግራጫ ሹራብ ነው። የበረኛው አንድ ቁጥር ማሊያ ያንተ ነውና ማንም አይነካውም። እኔ ደስ ብሎኝ ስዘል አንተ ትዝ አልከኝና አፈርኩ።

ማሊያህ ያለው አብሮ አደግህ ዋለልኝ ጋ ነው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ በየዓመቱ ይነሳና፣ በክሪ ዘንድሮ ይመጣል፣ ዋሱ እኔ ነኝ ይላል። አንተ ትቀራለህ፣ እሱ ያጥባል። ጎሚስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከአሮጌ ጎማዎቹ በላይ ገመድ ወጥሮ ያችን አረንጓዴ ማሊያ በየሳምንቱ ያሰጣታል። አንድ ቀን ደንበኞቹ ያልተለበሰ ማሊያ ምን እድፍ አለውና ነው ብለው ሲያሾፉበት ጨምቆ ሲጨርስ፣ አቧራ ይገባዋል አላቸው። እንዲህ ያለ ጓደኛ ስላለህ እቀናብሃለሁ።

ታዲያ ዘንድሮ ሊጉ አዲስ ደንብ አወጣ፤ አንድ ቡድን ከአስራ ስምንት ሰው በላይ አያስመዘግብም። ፊሊጶስን ጨምረው ሲቆጥሩ አንድ ሰው ትርፍ ሆነ። ያ ሰው አንተ መሆንህን ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን ጠፋ።

የዋሶች ቀን የመስቀል ማግስት እሁድ ነበር፣ ኦቦ ዓሊዩ ግቢ። እኔ ቁጥር የሰፋሁባቸውን ማሊያዎች ላደርስ ሄጄ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ለአጥቂው ለመህዲ አሥር ጎል ተገመተለት። አብዱረዛቅ አሁንም የመስዑድ ዋስ ሆነ፤ ዘንድሮ ግን ተጠንቅቆ በገዛ መረባችን አያገባም ብሎ ብቻ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መስዑድም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ ዋለልኝ ተነሳ። ያንተን ማሊያ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጥፎ ይዟል። ስምህን ሊጠራ ነው ብዬ ስጠብቅ ሄዶ ፊሊጶስ ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

«ይህ ሰው ዘንድሮ የሊጉ ኮከብ በረኛ ይሆናል። ዋሱ እኔ ነኝ» አለ።

ፊሊጶስ ማሊያውን በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ደፋ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ተቃጠልኩ። ዋለልኝን በልቤ ከሃዲ አልኩት። ኦቦ ዓሊዩ ዞር ዞር ብለው አዩና ለበክሪስ ማን አለ ብለው ጠየቁ። አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ ያስላል። እዚያው ዓይኔ እያየ ያለ ዋስ ልትቀር ሆነ። ማሊያዎቹን አስቀመጥኩና ሳላስበው ወደ መሀል ገባሁ።

«የበክሪ ዋስ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሴት ዋስ ሆና አታውቅም። መስዑድ ሊስቅ ሲል ኦቦ ዓሊዩ አዩትና ሳቁን ዋጠው። እንደማንኛውም ዋስ፣ ዘንድሮ ምን ይሠራል ትያለሽ ብለው ጠየቁኝ። ይመጣል፣ ባዶ እጁንም ቢሆን ይመጣል፣ ከፊሊጶስ ቀጥሎ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል አልኳቸው።

«ዱጋ፣ እውነት ነው» አሉ ኦቦ ዓሊዩ። «እኛ የምንጠብቀው በረኛ ነው። ሻንጣ ማን ጠየቀው?»

አብዱረዛቅ ቦታ እንደሌለ አስታወሳቸው። እሳቸውም ጉልበታቸውን አሹ፤ ከዚያ የእኔን ስም አውጡና የእሱን አግቡ አሉ። ይህ ጉልበት ከነገረኝ ቆይቷል፣ አልሰማ ብዬው ነው እንጂ አሉ። ማንም አልሳቀም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከኳስ ተለይተው የማያውቁ ሰው ለአንተ ብለው ከመስመር ውጭ ሲቀመጡ ሰው ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ አለላቸው። ወንድሜ፣ እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ዋለልኝ ስፌት ቤቴ መጣ። አኩርፌ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ መርፌ እንደጠፋበት ሰው ጎንበስ ብዬ እፈልጋለሁ። እሱም ቆሞ፣ በክሪ እዚህ ቢሆን ይህን ልጅ ራሱ ነበር የሚያለብሰው፤ የሚችለውን ሰው በሹራብ አቁሜ ለጓደኛዬ ቦታ ብይዝ መጀመሪያ የሚታዘበኝ በክሪ ነው አለኝ። አሰብኩት፤ እውነቱን ነው። አንተን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅህ እሱ ነው። ቀጥሎ ከላስቲክ ውስጥ አዲስ አረንጓዴ ማሊያ አወጣና የኦቦ ዓሊዩን አስራ ስምንት ቁጥር እንድሰፋበት ሰጠኝ። ከቁጥሩ በላይ ስምህንም እንድጽፍ ለመነኝ፤ የሌሎቹ ማሊያ ላይ ስም የለም።

እማ ታሪኩን ሁሉ አዳምጣ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይበርደዋል ወይ አለችኝ። አይበርደውም አልኳት። እንደዚያ ከሆነ ይምጣ አለች።

በክሪዬ፣ ባዶ እጄን አልመጣም እያልክ ዓመት ዓመትን ተካው። አንተ በላክልን ገንዘብ ታናሻችን ሳጂዳ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ የቤታችን ጣራ ማፍሰስ ትቷል። እጅህ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል? ቤቱ ሞልቶ አንተ ስትጎድል ሙላቱ አይታየንም። ኮከብ ሁን ያለህ የለም፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እንይህ ነው ያልነው።

እማ በየሰላቱ ዱዓ እንደምታደርግልህ ንገሪው ብላለች። ሳጂዳ ትናፍቅሃለች፤ ፎቶ ስትልክ ሳቅ በል ትልሃለች። ባለቤቴ ኢርሻድ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። ኦቦ ዓሊዩ፣ ወንበሬን ሳላሞቅ አልተውኩልህም ብለዋል። ዋለልኝና ባለቤቱ እናትነሽ ከነልጆቻቸው ሰላም ይሉሃል። ፊሊጶስም አንድ ቁጥሩን የለበስኩት ባለቤቱ እስኪመጣ ነው በይው ብሎኛል፤ አንተ ግን ቢሰጥህ እንዳትቀበለው።

ሀኒፋ አዲሱን ማሊያህን ይዤለት ልሂድ ብላኝ ነበር፤ አልሰጠኋትም። ስፌት ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ዘንድሮም ከቀረህ ለከርሞ አጣቢዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ እንደ ዋለልኝ ንጹሕ ማሊያ የማጠብ አንጀት የለኝም። መጥተህ በጭሮ ጭቃ አቆሽሸው፤ ያኔ አልሀምዱሊላህ እያልኩ አጥበዋለሁ።

እህትህና ዋስህ ረዲያ

ጭሮ፣ መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.