ሰማዩ የሚርገበገብበት ቦታ

ማክሰኞ፣ ማርች 4

አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ተገጠመ! ቀኑን ሙሉ የመዥገር መድኃኒት ስሸጥ ውዬ ቤት ስገባ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ዊልማር ማሽኑን ዘርግፎ ጠበቀኝ። "እትዬ ዴያኒራ፣ ካፒቴን ከዚህ በኋላ አውሮፕላን ብቻ አይደለም፣ የጠፈር መንኮራኩርም ያበርራሉ" አለኝ። ጉረኛ!

አባዬ ሸሚዝ ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ነው የተቀመጡት። እዚሁ ሳሎን፣ ኮምፒውተር ፊት! "ካፒቴን ተዝረክርኮ አይበርም" አሉኝ።

ስትሮኩ ከመታቸው አሥራ አራት ወር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው የሚፈካው ያን እውነት አስመስሎ የሚያሳይ የኮምፒውተር መነጽር አጥልቀው ሲበሩ ብቻ ነው። የድሮዋ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ዲሲ-3፣ ከቪያቪሴንሲዮ ከተማ ጫካ መሀል እስካለችው ሚቱ። ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶና ቢራ፣ አንዳንዴም አሳማ ጭነው የተመላለሱበት መስመር። የድሮው ካርድ ምስሉን እየቆራረጠ ስላበሳጫቸው ነው ይሄን የገዛሁት።

አሥር ደቂቃ በረው አወለቁት።

"እንዴት ነው አባዬ?"

"ጥሩ ነው።"

ጥሩ ነው... በቃ? ተው ካልተባሉ ሦስት ሰዓት የሚበሩ ሰው?

ሐሙስ፣ ማርች 6

አልበረሩም። ሙቀቱ ነው አሉ።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

ዛሬም የለም። ጠዋት ግድግዳ ይዘው ወደ መታጠቢያ ሲሄዱ አየኋቸው። ይሄን ትተውት ነበር እኮ! ምንድን ነው የሚደብቁኝ?

እሑድ፣ ማርች 9

አወጣሁት። ምሳ ላይ፣ የዶሮ ሾርባውን እየበላን፣ "ካርዱን ካልወደዱት ለዊልማር እመልሰዋለሁ" አልኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ካርዱ ምንም አልሆነ። እኔ ነኝ።"

"እርስዎ ምን ሆኑ?"

"ሰማዩ ይርገበገብብኛል፣ ልጄ። እንደ ውሃ። ልክ እንደዚያን ቀን ጠዋት።"

ያን ቀን... ስትሮኩ የመታቸው ቀን። ክው አልኩ። አምስት ቀን ሙሉ ይሄን ይዘው ዝም! ሐኪም ጋ እንሂድ ብዬ ተነሳሁ፣ ነገ ይደርሳል ብለው እጄን ያዙኝ። አልሰማኋቸውም። ጫማቸውን አደረግሁላቸውና በታክሲ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ፣ "ከእንግዲህ አልበርም። መነጽሩን ለሚፈልግ ሰው ስጪው" አሉኝ። ሰላም ባለው ድምፅ። ያ ነው ያስፈራኝ።

ሰኞ፣ ማርች 10

እዚያው ሆስፒታል አደርን። ጭንቅላታቸውን በማሽን አነሱት፣ ዓይናቸውን አዩላቸው። ዶክተሯ "ከድሮው ጉዳት በቀር አዲስ ነገር የለም" አለች። እፎይ! ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

አባዬ ግን አላመኑም። "እኔ ያየሁትን እሷ የት አየችና?" አሉ ቤት ስንገባ። ፀሐዩ ሳይጠልቅ መጋረጃውን ዘግተው ተኙ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

መነጽሩን እኔው አጠለቅሁት። ማብረር እንኳን በመጠኑ አውቃለሁ፣ ባላውቅ ነው የሚገርመው። ሜዳው ቁልጭ፣ ወንዙ ቁልጭ፣ ፊቴ ያሉት መለኪያዎች ቁጥራቸው ሳይቀር ይነበባል። የሚርገበገብ የለም። ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ። የለም።

ዊልማር ጋ ደወልኩ። "ካርዱ እንከን የለውም እትዬ። ምናልባት ካፒቴን..."

"ምናልባት ምን?"

መልሱን ሳልጠብቅ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ምን አጠፋ ልጁ? እኔም በልቤ ያሰብኩትን ነው ሊናገር የነበረው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

ተገኘ! ተገኘ!

ከሥራ ስመለስ ለመንኳቸው። "አንድ ጊዜ ብቻ አባዬ። የቱ ጋ እንደሚርገበገብ ያሳዩኝ።" አላጠልቅም አሉ። እንግዲያው እኔ ላጥልቅ፣ እርስዎ እየነገሩኝ ልብረር አልኩ። ለዚህስ እንቢ ማለት አልቻሉም። ማዘዝ ይወዳሉ።

"ተነሳሽ?"

"ተነሳሁ።"

"አሁን ሞተሩን እዪው።"

"አየሁት። ግፊቱ ደህና ነው፣ ሙቀቱም..."

"መለኪያውን ማን አለሽ! ሞተሩን! በመስኮት! አንገትሽ አይዞርም እንዴ?"

"ለምን እዞራለሁ?"

"ዘይት ሲያፈስ በምን ልታውቂ ነው? መለኪያው እስኪነግርሽ ሞተሩ አልቋል፣ እናቴ። እኛ በየሁለት ደቂቃው ወደ ግራ ነው የምናየው። አሳማ ጭኖ ጫካ ላይ መውደቅ የሚፈልግ የለም!"

ለካ ሁለታችን አንድ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን አንድ ቦታ አናይም ነበር! እኔ ፊት ለፊት፣ እሳቸው ሞተሩን። አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ።

የሚዞረው ፕሮፔለር ዙሪያ ሰማዩ ተጨማዷል። ይርገበገባል። ከበስተጀርባው ያለው ተራራ ጎበጥ ይልና ይመለሳል፣ ጎበጥ ይልና ይመለሳል።

"አባዬ! ይርገበገባል!"

"ምን አልሽ?"

"ይርገበገባል! ለእኔም! እንደ ውሃ ነው!"

መነጽሩን ሳወልቅ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቅፌያቸው ተቀመጥን። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ አውሮፕላኑ ግን ተከስክሶ አገኘነው።

ሐሙስ፣ ማርች 13

ዊልማር በምሳ ሰዓት ሮጦ መጣ። "ፕሮፔለሩ ጋ ነው አትይም ነበር እትዬ! እኔኮ የማየው ከፊት ነው!" እሱም!

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ካርድ ሲገባ ፕሮግራሙ የድሮውን ማስተካከያ ጥሎ ሁሉን ነገር ከፍተኛው ላይ አደረገው። ደመናው፣ ዛፉ፣ ሕንፃው፣ ሁሉም። ካርዱ እንኳን አዲስ ሆኖ አልቻለውም። ምስል ማድረስ ሲያቅተው መነጽሩ በሁለት እውነተኛ ምስሎች መሀል አንድ የገመተውን እየሳለ ያስገባል። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ነገር ግምቱ ይሠራል። ፕሮፔለር ላይ ሲደርስ ግን ይምታታበትና ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ያጣምመዋል።

"ግምት?" አሉ አባዬ። "ሠላሳ ዓመት በግምት አልበረርኩም፣ አሁን ልጀምር? አጥፋልኝ!"

"አጠፋዋለሁ፣ ግን ካርዱ እንዲችል ደመናውንና ዛፉን መቀነስ አለብኝ። ደመናው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ካፒቴን።"

"ደመና መቼ ጠርቶ ያውቃል፣ አንተ ልጅ?"

አጠለቁት። መጀመሪያ ያደረጉት ወደ ግራ መዞር ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩት። "ደህና ነች" አሉ በለሆሳስ። ሁለት ሰዓት ተኩል በረሩ። ዊልማር ሱቁን ረስቶ ተቀምጦ አያቸው።

እሑድ፣ ማርች 16

ይሄን መጻፍ ይከብደኛል... ግን ይጻፍ።

ዛሬ ሚቱ ድረስ ሄዱ። እኔ ከኋላ ቆሜ በስክሪኑ አያለሁ። ሊያርፉ ሲወርዱ ቀኝ ክንፋቸው ወደ ዛፎቹ ተጠጋ። ያስተካክላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላስተካከሉም። መታ።

መነጽሩን አወለቁት። "ይሄ ማሽን ደግሞ አሁን ምን ሆነ? ለዊልማር ደውዪለት።"

"እደውላለሁ" ልል አፌን ከፈትኩ። እንዴት ቀላል ነበር! ከዚያ ግን ልቤ እንቢ አለኝ።

"ማሽኑ አይደለም አባዬ። ዛፎቹ ነበሩ። ቀኝዎን አያዩም።"

መነጽሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከስትሮኩ። ዶክተሯ ያኔ ነግራኛለች። እንዳያዝኑ ብዬ ነው የደበቅሁት። ምግብ ሲበሉ በስተቀኝ ያለውን ይተዉታል። ሳያዩኝ ሳህኑን የማዞረው እኔ ነኝ።"

"አሃ" አሉ። "እኔ ደግሞ ሩዙ የማያልቀው እጅሽ ለጋስ ሆኖ ይመስለኝ ነበር።" ሊስቁ ነበር፣ አልሆነላቸውም። እጄን ፈልገው ያዙት። "አሥራ አራት ወር! ከእንግዲህ አትሸፍኚልኝ፣ እሺ? ማሽኑ ሲሆን ማሽኑ ነው በዪ። እኔ ስሆን እኔ ነኝ።"

"እሺ።"

ከዚያ መነጽሩን አነሱ።

"ዲሲ-3 ላይ ቀኝ ወንበር የማን ነው?"

"የረዳት አብራሪ።"

"ታዲያ እዚያ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

የወጥ ቤቱን ወንበር ጎትቼ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሳን። ሚቱ ስንደርስ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣

"ቀኝ?" አሉኝ።

"ዛፍ አለ። ትንሽ ወደ ግራ... ትንሽ... በቃ።"

አረፍን።