ለእድራችን ዳኛ፦ በሁዳዴ ለድመትዎ ስለገዛሁት ጥሬ ሥጋ

ለተከበሩ አቶ ታዲዮስ
የሰፈራችን እድር ዳኛና የሱቄ አከራይ
ዲላ

ጉዳዩ፦ በድመትዎ ምግብ ላይ በየጊዜው ስለሚጨመሩ አዳዲስ ነገሮች ምስጋና ስለማቅረብ

የተከበሩ ጋሽ ታዲዮስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጾሙን በሰላም እንደያዙት፣ የባለቤትዎ አስም በዚህ የበልግ እርጥበት እንዳልተነሳባቸው፣ የእርስዎም ጉልበት ስግደቱን እንደቻለው ዝቅ ብዬ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን። እኔ ትንሽ ከስቻለሁ፤ ልጄ ሀሴት ከእኔ ይልቅ ከስታለች፤ ድመትዎ ሉሉ ግን ፀጉሯ እንደ ሐር ያበራል፣ ዓይኗ ጠርቷል፣ አንገቷም ሞልቷል። ስለዚህ ከቤታችን ማን እንደሚጾምና ማን እንደማይጾም ለመለየት የሚቸገር ሰው አይኖርም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ስሕተቴ ነው።

ሰው ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መጻፌ አክብሮት ጎድሎኝ አይደለም። እርስዎ ስለ ሉሉ በጽሑፍም ሆነ በድምፅ መልእክት መነጋገር ስለማይወዱና እሁድ ከቅዳሴ መልስ በስልክ ብቻ ስለሚያዙኝ፣ በመካከላችን ያለውን ነገር ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው ሲያርፍ ጡሩንባ ተነፍቶ ሁሉም በሚሰማበት ሰፈር ውስጥ የአንዲትን ድመት ጉዳይ ይህን ያህል ጊዜ ሸሽጎ ማቆየት ታላቅ ችሎታ ነውና፣ በዚህ አጋጣሚ አድናቆቴን ሳልገልጽ አላልፍም።

ሌላ አንባቢ እንዳይደናገር ከመጀመሪያው ልነሳ። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ልጅዎ ወይዘሪት ኤልሮኢ ለሥራ አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ድመቷ ከባለቤትዎ አስም ጋር በአንድ ቤት መኖር ስለማትችል፣ እርስዎ በነጠላ የተሸፈነ ቅርጫት ይዘው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሱቄ መጡ። «ይህን ሱቅ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ አንተ ግን የቤት ሰው ነህ» ብለው ቅርጫቱን ከበቆሎው ጆንያ ላይ አኖሩት። ነጋዴ ነኝና የተባለውን ብቻ ሳይሆን የተባለበትን ሰዓትም እመዝናለሁ። ውላችን የሚታደሰው ሰኔ ላይ ነው። የወናጎና የገደብ ደንበኞቼ ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን በር ነው። ቅርጫቱን ተቀበልኩ።

ሉሉ የበሰለ ነገር አትቀምስም። ጥሬ ሥጋ መውደድ በአገራችን ነውር ስላልሆነ በዚህ አልተገረምኩም። የተገረምኩት በመመሪያው ነው። በምግቧ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ መጠኑም የጥፍር ያህል፣ ከለመደችው ጋር ተደባልቆ፤ ከዚያ ጥቂት ቀን ተጠብቆ ዓይነ ምድሯ ይታያል፤ ብትጠላው አትቆጣትም፣ ታነሳውና ሌላ ጊዜ ትሞክረዋለህ ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር መመሪያው የሚናቅ አይደለም። የገዛ ልጆቼን እንኳ ከጡት ሳስጥል በዚህ ትዕግሥት አዲስ ምግብ አላስለመድኳቸውም። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. ስለ በሬው ልብ አመሰግናለሁ። ጾሙ እስኪገባ ሉሉ ቀይ ሥጋና ጥቂት ጉበት ትበላ ነበር፤ እኔም ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ስገዛ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቶቻችን መንጠቋቸውን አራግፈው ዘጉ። እስከ ፋሲካ በወተት ትቆይ እንደሆነ በትሕትና ስጠይቅዎ፣ ድመት ጾም እንደሌለባት፣ ወተትም ሆዷን እንደሚነፋው ነገሩኝ። ሁለቱም እውነት ነው። አያይዘውም ለድመት ዓይን የሚበጀው ነገር ያለው በልብ ውስጥ ስለሆነ አሁን ልብ መጨመር እንዳለበት ወይዘሪት ኤልሮኢ ማዘዟን ገለጹልኝ። ልቡ ከየት ይምጣ የሚለውን ግን ለእኔ ብልሃት ተዉት።

በሁዳዴ ዲላ ውስጥ የበሬ ልብ የሚገኘው በሩ ላይ ጨረቃ ከተሳለበት ቤት ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት እኛና ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በአንድ ገበያ እንነግዳለን፣ በሐዘን አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን፣ በሥጋ ግን ሁሉም የየራሱን ይበላል፤ ማንም በማንም ሳይቀየም የኖርንበት ሥርዓት ነው። እናም አንገቱ ላይ ማዕተብ ያሰረ ሰው በጠራራ ፀሐይ፣ በጾም፣ ወደ ዚያድ ሥጋ ቤት ሲገባ ከመንገዱ ማዶ የቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ወሬያቸውን አቋረጡ። ዚያድ ራሱ ቢላውን አስቀምጦ የመጣሁት ዝርዝር ብር ፈልጌ እንደሆነ ጠየቀኝ። ለድመት ልብ እንደምፈልግ ነገርኩት። ካሰበበት በኋላ ልቡን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ በሌላ ጥቁር ፌስታል ደግሞ ደረበበትና «ጋሽ ከፈለኝ፣ ድመቷን ይተዉአት። እኔ የሰው ሆድ አልጠይቅም። ሌላ ቀን ግን በጓሮ በኩል ይምጡ፣ ለእርስዎ ስል ነው» አለኝ። ደግ ሰው ስለሆነ አላመነኝም።

ሱቅ ስዘጋ የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝ። የዚያን ዕለት የጻፍኩት አጭር ነው፦ «ልቡን በላች። ከእንግዲህ በጓሮ ነው።»

፪ኛ. ስለ ዓሣው። ዓባያ ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ በዚህ አልተቸገርኩም፤ የተቸገርኩት ጥሬ ዓሣ ትሉ እንዲሞት በረዶ ውስጥ መሰንበት አለበት በመባሉ ነው። ያለኝ ማቀዝቀዣ የለስላሳው ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ከገደብ የመጣ የቆየ ደንበኛዬ ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተውና መልሶ አስቀምጦት ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሰፈራችን ገና አልቋጨውም፤ የእኔን ጉዳይ ግን በዚያ ሳምንት ቋጨው። በሰፈሩ ፍርድ ዓሣውን የበላሁት እኔ ነኝ፤ ልቡንም ጭምር።

፫ኛ. ስለ ድርጭት እንቁላሉ በልዩ ሁኔታ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ከሐዋሳ በሚኒባስ ያስላኩልኝ እነዚያ አውራ ጣት የሚያካክሉ ዝንጉርጉር እንቁላሎች በደረሱ ማግስት፣ አቶ ዘነበ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ ሱቄ መጡ።

አቶ ዘነበ ልጄን ሀሴትን ለአቶ ሰብስቤ ልጅ የጠየቁን ሽማግሌ ናቸው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል፤ እርስዎም የእድሩን ድንኳን በራስዎ አንደበት ፈቅደውልናል። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። አቶ ዘነበ ቃላቸውን እየመረጡ፣ የአቶ ሰብስቤ ቤት በዚያድ ጓሮ መመላለሴን እንደሰማ፣ ሃይማኖቴን ቀይሬ ከሆነም የኅሊናዬ ጉዳይ ስለሆነ ማንም እንደማይወቅሰኝ፣ ብቻ ድንኳን ሳይተከል፣ ድግስ ሳይደገስ እውነቱን እንድነግራቸው ለመኑኝ። ለድመት ነው አልኩ። ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ ሳል ያዛቸው።

ነገር ሲበላሽ አልደነግጥም፤ ከመሐላ ይልቅ ዓይን የሚያየው እንደሚበልጥ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደ ጓዳ አስገብቼ የሉሉን ሳህን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በመመሪያዎ መሠረት የድርጭቱን አስኳል ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ጋር የደባለቅሁት በዚያው ጠዋት ነው። ሉሉ መጣች፤ አሸተተች፤ አንድ እግሯን አራገፈች፤ ከዚያም ቆሻሻዋን እንደምትቀብር ሁሉ በሳህኑ ዙሪያ ሲሚንቶውን ስትጭር ቆይታ ጆንያው ላይ ወጣችና ራሷን ትልስ ጀመር። አቶ ዘነበ አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ እኔን አዩና «ይቺም ትጾማለች እንዴ?» አሉ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም።

ሲወጡ ያሉኝ ይህ ነው፦ እስከ ሆሣዕና አንድ የታመነ ሰው ይመስክርልኝ፣ ያለዚያ ሠርጉ ይቀራል። የታመነ ሰው ማን ይሁን ብዬ ስጠይቅ አቶ ዘነበ ብዙ አላሰቡም። የእድሩ ዳኛ አንድ ቃል ቢናገር ለአቶ ሰብስቤ ቤት ይበቃል አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ደውዬ አላውቅም። የልጄ ትዳር ያለው በእርስዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ ያውም እውነተኛ ዓረፍተ ነገር። «ድመቷ የእኔ ናት፣ ሥጋው ለእሷ ነው» ቢሉ በቃ። የሰጡኝን መልስ እንዳልቀንስበትና እንዳልጨምርበት ያኔውኑ ጽፌዋለሁ፦ «በሁዳዴ የታዲዮስ ድመት ሥጋ ትበላለች ሊባል ነው? ከፈለኝ፣ አንተ ነጋዴ ነህ፣ ሰው ይረሳልሃል። እኔ ዳኛ ነኝ።»

በእርግጥ አስቸጋሪ መሆኑን እረዳለሁ። ባለፈው ዓመት በጾም ለሐዘንተኛ ቤት ቅቤ የነካው ወጥ ያመጣችውን ምስኪን ሴት በጉባኤ ፊት አስነስተው የገሠጹት እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ አንደበት ለድመት ሲባል እንዴት ወደ ኋላ ይመለሳል? የወይዘሪት ኤልሮኢን ስልክ ቁጥር እንዲሰጡኝ ስለምንዎም፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ስለሆነች እንዳላስጨንቃት መከሩኝ። የአባት ርኅራኄዎ እኔንም አባት መሆኔን አስታወሰኝ።

፬ኛ. ስለ ጥንቸሉ። በዚያው ስልክ፣ ሳይዘጉት፣ ሉሉ እንቁላሉን ስትለምድ ቀጥሎ የሚጨመርላት የጥንቸል ሥጋ መሆኑን አሳወቁኝ። አመሰግናለሁ። ከዚያድ ጓሮ በኋላ በመናኸሪያው መካከል ጥንቸል አንጠልጥዬ ብታይ፣ ሙስሊም ሆኗል የሚለው ወሬ እንኳ ይቀርና ወደ ምን እንደሄድኩ ስም የሚያወጣልኝ ይጠፋል።

ጋሽ ታዲዮስ፣ እንግዲህ ያለሁበትን ይዩልኝ። ብናገር ሱቁ ይሄዳል፤ ዝም ብል ልጄ ትቀራለች፤ ሉሉን ባላበላት ትከሳለችና ሰኔ ላይ እጠየቅበታለሁ፤ ባበላት ደግሞ እያንዳንዱ ጉርሻ በእኔ ላይ ምስክር ይሆናል። እውነት ብናገር ሰው የሚስቅበት፣ ብዋሽ ግን የሚታመንበት ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም ነበር። በጓሮ ስወጣ ስገባ ሰንብቼ ጓሮው ራሱ ቤቴ መስሎኝ ነበር።

ሀሴት ነገሩን ከሰማች ወዲህ ወደ ልብስ ሰፊዋ መሄድ አቁማለች። አታለቅስም፤ እንደ እናቷ ናት። ትናንት ሱቁን ስንዘጋ ብቻ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አባዬ፣ አንተ ሱቁ እንዳይሄድ ዝም አልክ። እኔ ምን እንዳይሄድ ነው ዝም የምለው?» አለችኝ።

ነጋዴ በሁለቱም በኩል ኪሳራ ሲገጥመው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ የትኛው ይተካል? ሱቅ ይተካል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጪጩ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አይቻለሁ፤ ከገበያ ቀን ውጭ ሰው የማይዞርባት፣ ጣሪያዋም የሚያፈስ ናት፤ ግን የፊት በር አላት። ስለዚህ እርስዎ ያልተናገሩትን ዓረፍተ ነገር እኔው ጻፍኩልዎ፤ ድመቷ የእርስዎ ናት፣ ሥጋው የእሷ ነው፣ ጾሙም የእኔ ነው።

የቀረውን ጾም በጤና አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው እንዲያደርስዎ፣ ለሰፈሩ አርአያ የሆነው ስምዎም ከዚህ ደብዳቤ በኋላ በሚተርፈው መጠን ተጠብቆ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣ የድመትዎን ሥጋ በሁለት ጥቁር ፌስታል፣ ስምዎን ደግሞ በገዛ ስሜ ሸፍኜ የቆየሁ ታማኝ ተከራይዎ፣

ከፈለኝ
እህልና ሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ

ግልባጭ፦
— ለአቶ ሰብስቤ ቤተሰብ
— ለአቶ ዘነበና ለሁለቱ ሽማግሌዎች
— ለእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
— ለዚያድ ሥጋ ቤት፣ ከትልቅ ይቅርታ ጋር

ሳልረሳው፦ ሉሉን የፊታችን እሁድ ወደ እድሩ ስብሰባ ይዣት እመጣለሁ፤ አቶ ዘነበም ይገኛሉ። የእኔ ናት ካሉ ተቀብለዋት ይሄዳሉ፣ እኛም ወደ ሠርጋችን እንመለሳለን። አላውቃትም ካሉም ከዳኛ ጋር አልከራከርም፤ ባለቤት የሌላት ድመት ናትና፣ ለመጋዘኑ አይጥ የሚይዝ ድመት ሲፈልግ ለከረመ አንድ የሞያሌ ሾፌር እዚያው እሰጣታለሁ። ወይዘሪት ኤልሮኢ ለፋሲካ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቅዎ ስለ ማን እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ።